የአሜሪካ እንደራሴን የበጀት አቋም ከሰጠው ድምፅ እንዴት መረዳት ይቻላል?

አንድ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ስለ ፌዴራል በጀት ያለውን አቋም ማወቅ የሚፈልግ መራጭ፣ ከምርጫ ንግግሩ ይልቅ ከሰጠው ድምፅ ቢጀምር ይሻለዋል። በስም ተመዝግቦ የሚሰጥ ድምፅ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ አባል ምርጫ በሁለቱም ምክር ቤቶች (በተወካዮች ምክር ቤትና በሴኔት) ይፋዊ ድረ ገጾች ላይ ይገኛል።

በቅድሚያ ድምፅ የተሰጠበትን ሰነድ ዓይነት ይለዩ። ሁለቱ ምክር ቤቶች የሚያጸድቁት የበጀት ውሳኔ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ስለማይቀርብ ሕግ አይሆንም፤ የሚያሳየውም የእንደራሴውን የቅድሚያ ትኩረት እንጂ የተፈቀደ ገንዘብን አይደለም። ገንዘቡን የሚፈቅዱት 12ቱ ዓመታዊ የወጪ ሕጎች ናቸው፤ የበጀት ዓመቱ ኦክቶበር 1 ከመግባቱ በፊት ካልጸደቁና ጊዜያዊ ማራዘሚያም ካልወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ተጀምሮ 35 ቀናት እንደቆየው ዓይነት ከፊል የመንግሥት ሥራ መቋረጥ ይከተላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከአንድ ድምፅ ብቻ ተነሥቶ ሲፈርድ ነው። በ2023 የዕዳውን ጣሪያ (መንግሥት ሊበደር የሚችለውን ከፍተኛ መጠን) ለጊዜው ያገደውና በዓመታዊ ወጪዎች ላይ ገደብ የጣለው ሕግ በተወካዮች ምክር ቤት በ314 ድጋፍና በ117 ተቃውሞ አለፈ። ከተቃወሙት 71ዱ ሪፐብሊካኖች፣ 46ቱ ዴሞክራቶች ነበሩ፤ ከመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ የወጪ ቅነሳው አነሰ ሲሉ፣ ከሁለተኞቹ ብዙዎቹ ደግሞ ገደቡንና በምግብ ድጎማ ላይ የተጨመረውን የሥራ ግዴታ ነቅፈዋል። አንዱ "አይደገፍም" የሚለው ድምፅ ሁለት ተቃራኒ አቋሞችን ስለያዘ፣ እንደራሴው ድምፁን ያብራራበትን መግለጫ አብሮ ማንበብ ግድ ነው።

ቀጥሎ፣ "ወጪ ይቀነስ" ሲል የትኛውን ወጪ ማለቱ እንደሆነ ይጠይቁ። በ2023 የበጀት ዓመት ከወጣው 6.1 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ በዓመታዊ ሕጎች የሚወሰነው 1.7 ትሪሊዮን ያህሉ ብቻ ነበር፤ ከቀረው አብዛኛው እንደ ሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ ክፍያ) እና ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጥ የጤና መድን) ባሉ፣ በየዓመቱ ድምፅ በማይሰጥባቸው ፕሮግራሞችና በዕዳ ወለድ ላይ ይውላል። መከላከያን፣ ሶሻል ሴኩሪቲንና ሜዲኬርን ሳይነካ፣ ግብርም ሳይጨምር በጀቱን አመጣጥናለሁ የሚል እንደራሴ፣ ቀሪውን ሂሳብ በቁጥር እንዲያሳይ ሊጠየቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ። በዚህ ረገድ የኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት ለረቂቅ ሕጎች የሚያወጣው የወጪ ግምት ከማንም የምርጫ ዘመቻ ወረቀት የተሻለ መነሻ ነው።

በመጨረሻም ድምፆቹን በዓመት ከፋፍለው፣ የራሱ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ላይ በነበረባቸውና ባልነበረባቸው ዓመታት የዕዳ ጣሪያን በሚመለከት የሰጣቸውን ጎን ለጎን ያስቀምጡ።