ፈረንሳይኛንና የግቤ ቋንቋዎችን ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤዌ፣ ፎን፣ ጌን፣ አጃና ጉን የሚባሉት ቋንቋዎች ከጋና ምሥራቅ ተነሥተው በቶጎና በቤኒን ደቡብ አልፈው ናይጄሪያ ድንበር ውስጥ ይገባሉ። በጋራ ግቤ ይባላሉ። ከእኛው የግቤ ወንዝ ጋር ግን አይገናኙም፤ በስሙ ውስጥ ያሉት «ግ» እና «ብ» በአንድ ጊዜ ተፈንድተው የሚወጡ አንድ ድምፅ ናቸው። የቶጎና የቤኒን የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለሆነ፣ በፈረንሳይኛና በግቤ መካከል መመሳሰል ያየ ሰው ምክንያቱን ሳያጣራ መደምደም ይቀናዋል።

«ላ»ን የዝምድና ማስረጃ ማድረግ። ፈረንሳይኛ «ላ ሜዞን» ሲል ኤዌ «ኾ ላ» ይላል፤ ሁለቱም «ቤቱ» ማለት ናቸው። ነገሩ አጓጊ ቢሆንም የፈረንሳይኛው «ላ» ከላቲን «ኢላ» የወረደ፣ ለሴት ጾታ ብቻ የሚያገለግልና ከስም በፊት የሚቆም ነው። የኤዌው ጾታ አያውቅም፤ የሚመጣውም ከስም በኋላ ነው። በዚህ በኩል እንዲያውም ለአማርኛው «ቤቱ» ይቀርባል፤ በዚህ ብቻ አማርኛንና ኤዌን ዘመድ የሚያደርግ ግን የለም። ዝምድና የሚለየው በመሠረታዊ ቃላት ውስጥ በሚደጋገም የድምፅ ተዛምዶ ነው። ሦስትና አራት በኤዌ «ኤቶን፣ ኤኔ»፣ በፎን «አቶን፣ ኤኔ» ሲሆኑ በፈረንሳይኛ «ትሯ፣ ካትር» ናቸው። የግቤዎቹ ቤተሰብ ኒጀር ኮንጎ፣ የፈረንሳይኛው ኢንዶ አውሮፓዊ ነው።

በአፍንጫ የሚወጡትን አናባቢዎች ከፈረንሳይ የመጡ አድርጎ ማሰብ። ፈረንሳይኛ እነዚህን አናባቢዎች ያገኘው «ን» እና «ም» በሂደት በፊታቸው ወዳለው አናባቢ ሰርገው ስለጠፉ ነው። ዛሬም በፈረንሳይኛ በወንድ ጾታ «ጥሩ» (bon) ሲባል «ን»ው አይሰማም፤ በሴት ጾታ (bonne) ሲባል ጥርት ብሎ ይሰማል። ፎን ግን ሰባት የአፍ አናባቢዎችና አምስት የአፍንጫ አናባቢዎች አሉት፤ ከነዚህ መካከል ፈረንሳይኛ ጨርሶ የሌሉት የአፍንጫ «ኢ» እና «ኡ» ይገኛሉ። በእንግሊዝ ሥር በነበረው የጋና ኤዌም የአፍንጫ አናባቢዎች መኖራቸው ግምቱን ያፈርሰዋል። አጻጻፍ ሌላ ጉዳይ ነው። የፎን ጽሕፈት እንደ ፈረንሳይኛው ከአናባቢ በኋላ የላቲኑን «ን» ፊደል ሲጨምር፣ ኤዌ ግን ከአናባቢው ላይ ምልክት ያደርጋል። የፎንን ጽሑፍ ሲያነቡ ያንን «ን» እንደ ተነባቢ አይቁጠሩት።

አውሮፓዊ የሚመስለውን ቃል ሁሉ ለፈረንሳይኛ መስጠት። ፈረንሳይ ዳሆሜን፣ ማለትም በዛሬዋ ቤኒን የነበረውን መንግሥት፣ በጦር የያዘችው እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1894 ባለው ጊዜ ነው፤ ፖርቱጋሎች ግን እ.ኤ.አ. በ1721 በዚያው ባሕር ዳርቻ ባለችው ዊዳ ላይ ምሽግ ሠርተው ነበር። በፎን ቁልፍ «ቻቪ» የሚባለውም ከፖርቱጋልኛ ተወስዶ ነው። የኤዌው «ሱኩ» (ትምህርት ቤት) ደግሞ ከ«ኤኮል» ሳይሆን ከእንግሊዝኛው «ስኩል» ጋር ይሄዳል። ቶጎ ራሷ እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1914 የጀርመን ግዛት ነበረች። ቃሉ በየትኛው ወደብና በየትኛው ዘመን እንደገባ ሳያጣሩ ምንጩን አይጻፉ።

የቃል ቅደም ተከተልን ማጋነን። ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ የሚለው ቅደም ተከተል በዓለም ዙሪያ የሞላ ስለሆነ ብዙ አያስረዳም። ይልቅ የሚለያዩበትን ያስተውሉ። ፎን «ኮኩ ሶ አሶን ዪ አሂ ሜ» ይላል፤ ቃል በቃል «ኮኩ (የሰው ስም ነው) ወሰደ ሸርጣን ሄደ ገበያ ውስጥ» ነው። ሁለት ግሶች ያለ ምንም ማያያዣ አንድ ድርጊት ይገልጻሉ፤ ፈረንሳይኛ እንዲህ አያደርግም።

የሄይቲን ክሪኦል በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝጋት። ክሪኦል ቋንቋዎች ተገናኝተው የሚወልዱት አዲስ ቋንቋ ነው። ፈረንሳይኛና ግቤ በእርግጥ የተቀላቀሉት እዚህ ነው፤ ስህተቱም የሚበዛው እዚሁ ነው። ሄይቲኛ «ሊቭ ምዌን» (መጽሐፌ) ይላል። ቃላቱ ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው፤ ፈረንሳይኛው ግን «ሞን ሊቭር» ብሎ ባለቤትነቱን ያስቀድማል። ፎን «ዌማ ቼ» ብሎ ያስከትላል። የቋንቋ ምሁሯ ክሌር ለፌቭር ከዚህ ተነሥታ ሄይቲኛ በፎን ሰዋስው ላይ የፈረንሳይኛ ድምፅ የለበሰ ነው የሚል መላምት አቀረበች። ሄይቲያዊው ሚሼል ደግራፍ አጥብቆ ይቃወመዋል፤ ከፈረንሳይኛ የወረደውን ሰዋስው አሳንሶ ያያል ባይ ነው። ለምሳሌ «ካይ ላ» (ቤቱ) የሚለው የግቤን ቅደም ተከተል ቢመስልም፣ ፈረንሳይኛም ራሱ «ሴት ሜዞን ላ» (ያ ቤት) ብሎ «ላ»ን ከስም በኋላ ያስቀምጣል። ሁለት ምንጮች ተደጋግፈው ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አያዋጣም።

ዘመኑንም ይመልከቱ። ፈረንሳይ የዛሬዋን ሄይቲ፣ ማለትም የደሴቲቱን ምዕራብ፣ በስምምነት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1697 ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከሚጋዙት ባሪያዎች መካከል ከኮንጎ የመጡት እጅግ ብዙ ስለነበሩ፣ የዚያን ዘመን ቁጥር ይዞ ስለ ክሪኦሉ አፈጣጠር መከራከር ያሳስታል።

ፎንን ብቻ ማየትም አይበቃም። በሄይቲኛ «ዮ» ከስም በኋላ ሲመጣ ብዙ ቁጥር ያመለክታል፤ ለብቻው ደግሞ «እነሱ» ማለት ነው። ፎን ለነዚህ «ሌ» እና «ዬ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። ሁለቱንም በአንድ ቃል፣ በ«ዎ»፣ የሚገልጸው ኤዌ ነው። ስለዚህ ሠንጠረዥ ሲያዘጋጁ ፈረንሳይኛውን በዘመኑ ሰዎች እንደተናገሩት፣ ከጎኑ ደግሞ ኤዌን፣ ጌንንና ፎንን በየራሳቸው ዓምድ ያስቀምጡ።