በሰማይ ተንቀጥቅጦ በምድር ምንም የማይገኝበት ሞተር፦ የትንንሽ አውሮፕላን ችግርና መፍትሄ

የአውሮፕላን መካኒክ ነኝ። የማወራው በብዛት ስለ ሴስና 172፣ ባለ አራት መቀመጫዋ ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ እጄ ላይ የሚበዛው እሱ ስለሆነ። ቼክሊስት ማንበብ፣ ዘይት መለካት፣ ጎማ ማየት ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። ትኩረቴ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ያላቸው አሮጌዎቹ ላይ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1986 ማምረት አቁሞ በ1996 ሲመለስ ቤንዚኑን በግፊት ወደሚረጨው ኢንጀክሽን ስለዞረ፣ አዲሶቹን የመጀመሪያው ችግር አይነካቸውም። ሌላው ግን አይምራቸውም።

ምልክት፦ ትሮትሉ (የጉልበት መስጫው) ሳይነካ የሞተሩ ዙር ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ቆይቶ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ፓይለቱ ያርፍና ፊቱ አመድ መስሎ ይመጣል። «ሞተሩ ሊጠፋብኝ ነበር» ይላል። ኮፈኑን እከፍታለሁ። ካንዴላው ደህና፣ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ማግኔቶ ደህና፣ ነዳጁ ንጹሕ። አስነስቼ ሙሉ ጉልበት ብሰጠው ምንም አይለውም። ሰው ደግሞ ካንዴላ ካልተቀየረለት የተሠራለት አይመስለውም። ይቀየራል፣ ይከፈላል፣ በሳምንቱ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል።

ጥፋተኛው በረዶ ነው፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚጋገር በረዶ። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይወስዳል። አየሩም በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ተደምረው ሙቀቱን ከ20 ዲግሪ በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ። ውጭ 15 ዲግሪ ሆኖ ውስጥ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እርጥበት ካለ የትሮትሉ ክዳን ላይ እየተለጠፈ የአየሩን መንገድ ያጠባል። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ግን የሞተሩ ሙቀት ያቀልጠዋል። እኔ ኮፈን ስከፍት ማስረጃው የለም።

በረዶ ሲባል የአውሮፓ ክረምት የሚታያችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ደረቅ ብርድ ይሻላል። ዝናብ ያባራበት፣ 12 ዲግሪ የሆነ የአዲስ አበባ የሐምሌ ጠዋት ነው የሚያስፈራው።

ስለዚህ ሞተሩን ከመፍታቴ በፊት ፓይለቱን እጠይቃለሁ። ደመና አጠገብ ነበርክ? ዙሩ በአንዴ ነው የወረደው ወይስ እየተንሸራተተ? በአንዴ ከሆነ ሌላ ነገር እፈልጋለሁ። በደቂቃ ከ2,400 ዙር ወደ 2,300፣ ከዚያ ወደ 2,200 ከሆነ፣ እጅህ ሳይታወቅህም ትሮትሉን ስትገፋ ከነበረ፣ ነገሩ አለቀ። ቀጥሎ፦ ካርብ ሂት (ወደ ካርቡሬተሩ ትኩስ አየር የሚያስገባውን እጀታ) ጎትተሃል?

«ጎትቼው ነበር ጋሼ፤ ሲብስበት መለስኩት።»

ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ሲብስበት ነው እኮ የሚሠራው። ትኩስ አየር ሲገባ በረዶው ይቀልጣል፤ ውሃው በሞተሩ ውስጥ ያልፋል። ሞተሩ ያስነጥሳል፣ ይንገጫገጫል፣ የሚጠፋ ይመስላል። ያን ጊዜ ከመለሳችሁት በረዶው እንዳለ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ጎትቱት፤ ግማሽ ብሎ ነገር የለም። ዙሩ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ቆይቶ ይወጣል። እስኪወጣ ያዙት። ለማረፍ ስትወርዱም ትሮትሉን ከመቀነሳችሁ በፊት ጎትቱ። ሙቀቱ የሚመጣው ከማርሚታው ዙሪያ ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ ማርሚታውም ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ቢጎትቱት ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ እኔ ሥራ። አንዱ ፓይለት ጎትቻለሁ ብሎ ይምላል፤ እውነቱንም ነው። ካቦውን የሚይዘው ማሰሪያ ላልቶ ኖሮ እጀታው ይወጣል፣ ውስጥ ያለው በር ግን አይነቃነቅም። ሌላው ላይ ደግሞ ከማርሚታው ትኩስ አየር የሚያመጣው ቱቦ ተቀይሮ አገኘሁ። ከመኪና ዕቃ መደብር የመጣ፣ ውስጡ ስስ ጎማ የተለበጠ። ሽፋኑ ተላጦ ቱቦውን ከውስጥ ዘግቶታል። ከውጭ ብታዩት አዲስ ነው! ጥቂት ብር ለማትረፍ ብሎ ሰው ሕይወት ላይ የሚጫወት ምን ይባላል?

ምርመራው ግን ቀላል ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ሞተሩን ስትፈትሹ ካርብ ሂት ጎትቱ። ዙሩ መውረድ አለበት። ካልወረደ ትኩስ አየር አልገባም፤ አትብረሩ። ወርዶ ከመጀመሪያው በላይ ከወጣ ገና መሬት ላይ ሳላችሁ በረዶ ይዟችሁ ነበር ማለት ነው። አንድ ነገር ጠብቁ፦ ይህ አየር በፊልትሮ አያልፍም። በአቧራማ ሜዳ ላይ ጎትታችሁ አታኮብኩቡ፤ ሲሊንደር ይበላል።

ምልክት፦ ደህና ተነስቶ ገና ሲወጣ ይተፋል

ውሃ ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንኩ ሥር ይተኛል፤ አፍንጫው ቀና ሲል ይመጣል። የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በታንኩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት ስትሰነጠቅ የሌሊት ዝናብ ሁሉ ወደ ውስጥ ይወርዳል። በምትኩ ከመርካቶ የተገዛ የመኪና ቀለበት አስገብተው አይቻለሁ። ቤንዚኑ አሳበጠውና ክዳኑ አልዘጋ አለ።

ከበረራ በፊት ከታንኩ ሥር የነዳጅ ናሙና ስትቀዱ ቀለሙን እዩ። የአውሮፕላን ቤንዚን፣ መቶ ኤል ኤል የሚባለው፣ ሰማያዊ ነው። አንድ ተማሪ ብርጭቆውን ወደ ሰማይ አንስቶ «ጥርት ያለ ነው» አለኝ። አዎ፣ ጥርት ያለ ነው፤ ጠቅላላው ውሃ ነበር። ነጭ ወረቀት ፊት ይዛችሁ እዩት። ነዳጅ እንደተቀዳ ወዲያው አትፈትሹ፤ ውሃው እስኪሰክን ጠብቁ። ሁሉንም ማፍሰሻዎች ክፈቱ። አዲሶቹ 172 ላይ 13 ናቸው፤ ያሰለቻል፣ ግን ክፈቱ።

ምልክት፦ ጥቁር ጭስ፣ ደካማ ጉልበት፣ ማግኔቶ ሲፈተሽ ዙሩ ከመጠን በላይ ይወርዳል

ማግኔቶውን ከመውቀሳችሁ በፊት ሚክስቸሩን (የቤንዚንና የአየር መጠን ማስተካከያውን) እዩ። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ ሚክስቸሩን ጥግ ድረስ ገፍታችሁ ከተውት ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። የአውሮፕላኑ መመሪያ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ ባለ ሜዳ ላይ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ በሙሉ ትሮትል፣ ዙሩ ከፍ እስከሚልበት ድረስ ሚክስቸሩን አሳሱት፣ ማለትም ቤንዚኑን ቀንሱ፣ ይላል። በባሕር ወለል የተማረ ፓይለት ይህን ይረሳዋል።

ቢያሳሱትም ግን የጠፋው ጉልበት አይመለስም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ቦሌ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ቀኑ ሞቆ 23 ዲግሪ ከሆነ አውሮፕላኑ 3,100 ሜትር ላይ ያለ ያህል ነው የሚሠራው፤ አሮጌ 172 ሊወጣ የሚችልበት ጣሪያ ደግሞ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው። አራት ወፍራም ሰው ከነሻንጣው ጭኖ በሰባት ሰዓት የሚነሳ ሰው መካኒክ አያስፈልገውም፤ ሚዛንና የማንቂያ ሰዓት ነው የሚያስፈልገው።

ምልክት፦ ሞተሩ ጸጥ አለ፤ ጌጁ ግን ነዳጅ አለ ይላል

ነዳጅ አልቋል። ጌጁን አትመኑ። ታንኩን ከፍታችሁ በመለኪያ እንጨት ለኩ፤ በሰዓት 30 ሊትር ገደማ እያላችሁ በሰዓታችሁ አስሉ። ፓይፐር ቼሮኪ በምትባለው ሌላ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ከሆናችሁ ሌላኛው ታንክ ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ የታንክ መቀያየሪያው «ሁለቱም» የሚል ቦታ የለውም።

ምልክት፦ ከፊት ጎማው በስተኋላ ያለው የሞተር ግድግዳ ተጨማድዷል

አንድ ሰው በፍጥነት መጥቶ በአፍንጫው አርፏል፣ ነጥሯል፣ እንደገና መሬት ላይ ሊጭነው ታግሏል። በቁጥር የሚበዛው አደጋ ማረፊያ ላይ የሚደርሰው ነው። ከነጠረ ጉልበት ሰጥታችሁ ውጡ፣ ዞራችሁ ኑ። ከባድ ማረፊያን ደብቆ መሄድ ደግሞ ነውር ነው፤ ቀጥሎ የሚበረው ሌላ ሰው ነው።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

ሲነሱ ወንበሩ ወደ ኋላ ከሸሸ ወንበሩ የሚቆለፍባቸው የሐዲዱ ቀዳዳዎች ተበልተዋል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1987 ይህ ነገር በየጊዜው እንዲፈተሽ አዟል። ወንበሩን ካስተካከላችሁ በኋላ በጀርባችሁ ገፍታችሁ ሞክሩት፤ ሲሸሽ መሪውን ይዛችሁ አብራችሁ ትጎትቱታላችሁ።

ፍጥነት መለኪያው ዜሮ ላይ ከቀረ አየር የሚቀበልበት የፒቶ ቱቦ ውስጥ ተርብ ቤት ሠርቶ ይሆናል። ሽፋኑን አልብሱ። በአፋችሁ አትንፉበት፤ መሣሪያው ይበላሻል።

ማሞቂያው ተከፍቶ ራስ ምታት ከመጣ ማርሚታው ተሰንጥቆ መርዛማው ጭስ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ማሞቂያውን ዝጉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ አርፉ።

በቁልፉ አጥፍታችሁት ሞተሩ ካልጠፋ የማግኔቶው የመሬት ሽቦ ተበጥሷል። ሚክስቸሩን ጎትታችሁ አጥፉት። ከዚያ በኋላ ፕሮፔለሩን በእጅ የሚያዞር ሰው ሞተሩን ሊያስነሳው ይችላል። ማስጠንቀቂያ ጽፋችሁ ፕሮፔለሩ ላይ እሰሩ፣ ዘበኛውንም ተማሪውንም አስጠንቅቁ፣ እኔን ጥሩኝ።