ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ፦ ከመጀመሪያው ደብተር እስከ አዟሪው እጅ

የሳይንስ ልብ ወለድ ሊጽፍ ያሰበ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ፣ መጀመሪያ የማነሣለት ስለ ቡና ነው። ጨረቃ ላይ ያለች ሴት ጀበናውን ከሲኒው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋ ብትቀዳ ምን ይሆናል? አዲስ አበባ ላይ ቡናው ሲኒው ውስጥ ለመድረስ ሩብ ሰከንድ ይበቃዋል። የጨረቃ ስበት የምድር አንድ ስድስተኛ ስለሆነ እዚያ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ቀጭኑ ጥቁር ክር ዝግ ብሎ ሲወርድ ይታያል፤ ሲኒውን መትቶ የሚፈናጠረው ጠብታም ከለመድነው በላይ ይዘላል። ስለዚህ ሴትየዋ እጇን ዝቅ አድርጋ መቅዳትን ትማራለች። እናቷ ያስተማረቻት፣ ከፍ አድርጎ አረፋ እያስነሡ መቅዳት፣ እዚያ ረከቦቱን የሚያበላሽ ባለጌ ልማድ ሆኗል። ከአንድ የስበት ቁጥር የእናትና የልጅ ትዕይንት ተገኘ።

እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው። ሳይንሱ ቤታችን ውስጥ ያለውን ልማድ ሲነካ አንባቢ ይከተላል፤ ሳይነካው ሲቀር ግን የሮኬቱ ስፋትና ርዝመት ምንም ቢዘረዘር መጽሐፉ ይከደናል። ተከታታይ ሥራ ደግሞ ከአንድ መጽሐፍ የሚለየው ለአንባቢ የተገባ ቃል ስለሆነ ነው። ከዚህ በታች ያለው ያንን ቃል ለመጠበቅ የሚረዳ አሠራር ነው።

ሁለት ደብተር ይያዙ

አንደኛው የዓለሙ ደንብ ደብተር ነው። ታሪኩ የሚፈጸምበት ቦታ ስበቱ ምን ያህል ነው? ቀኑ ስንት ሰዓት ነው? አየሩ ከየት ይመጣል? ውኃ በማን እጅ ነው? ገንዘቡ ምንድን ነው? እውነተኛ ቦታ ከመረጡ እውነተኛውን ቁጥር ይያዙ። የማርስ አንድ ቀን 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ያህል ነው። ይህን ቁጥር ብዙ ጸሐፊ ጽፎት ያልፋል፤ እኔ ግን ‹‹ትርፉ 39 ደቂቃ የት ይገባል?›› ብዬ ብዙ ቀን ቆሜበታለሁ። አባቶቻችን ከ12ቱ ወራት የተረፉትን ቀናት ሰብስበው ጳጉሜን አሏቸው። የእኔ ማርሳውያንም በየሌሊቱ የምትተርፈውን 39 ደቂቃ ‹‹ጳጉሜን›› ይሏታል፤ በእርሷ ውስጥ ሥራ የለም፣ ዕዳ አይጠየቅም፣ የተጣላ ይታረቅባታል። የሦስተኛው ቅጽ ዋና ግጭት የተወለደው አንድ ሹም ያቺን ጊዜ ወደ ሥራ ሰዓት ሊጨምራት ሲነሣ ነው።

ሃይማኖትንም አይዝለሉት። ጨረቃ ላይ ፀሐይ አንዴ ከወጣች ሁለት ሳምንት ያህል አትጠልቅም። በረመዳን የሚጾመው ሰው በየትኛው ማታ ያፈጥራል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውስ ዘጠኝ ሰዓትን በምን ያውቃል? ይህን የሚመልስ ምዕራፍ ከማንኛውም የጠፈር ጦርነት ይበልጥ ይነበባል።

የሬዲዮ መልእክት ከምድር ወደ ማርስ ለመድረስ፣ እንደ ፕላኔቶቹ ርቀት፣ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይወስድበታል። አሁን ፒያሳ ያሉ እናት ማርስ ያለ ልጃቸውን ሰላም ይሉታል እንበል። የእኛ ሰላምታ ቅብብሎሽ ነው፦ እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ ወይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ፣ አንቺስ። ርቀቱ በበዛበት ወር ‹‹እንዴት አደርክ›› ላሉት ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን›› የሚደርሳቸው ከ44 ደቂቃ በኋላ ነው። እናትየው ምን ያደርጋሉ? በእኔ ታሪክ የልጁን መልስ ራሳቸው እየመለሱ ይቀጥላሉ፤ ‹‹ደህና ነኝ እማዬ ብለሃል፣ እሰይ›› እያሉ። ልጁ በታመመበት ቀን የተቀረጸ መልእክታቸውን ሲሰማ እርሱ ያልተናገረውን ‹‹ደህና ነኝ›› ይሰማል። ያንን ገጽ ስጽፍ አልቅሻለሁ።

ሁለተኛው ደብተር የቃላት ነው። አማርኛ ለዚህ ሥራ ድሀ ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። መንኮራኩር በጥንቱ መጽሐፍ የሠረገላ እግር ነበር፤ ዛሬ ጠፈር ውስጥ ይበራል። አሮጌ ቃል አዲስ ሸክም መሸከም እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። በሌላ በኩል ሮቦት፣ ሳተላይትና ኦክስጅን አንባቢው ለምዷቸዋልና በግድ አይተርጉሟቸው። የእኔ መፈተኛ አንድ ናት፦ ቃሉ በአደጋ ጊዜ ተጮኾ ይነገራል ወይ? ሰው ከመንኮራኩር ወደ ባዶው ጠፈር ከመውጣቱ በፊት ገብቶ የአየር ግፊቱ እስኪስተካከል የሚቆይባትን ክፍል ‹‹የአየር ግፊት ማስተካከያ ክፍል›› ብዬ ጀምሬ ነበር። አየር እያለቀበት ይህን የሚጮኽ ሰው የለም። ‹‹ደጀ ሰላም›› አልኋት። ከውጭው ዓለም ወደ ውስጥ ከመዝለቅ በፊት የሚታለፍ ደጅ ነው፤ ‹‹ደጀ ሰላሙ ተከፍቷል!›› ሲባልም ያስደነግጣል። እያንዳንዱን አዲስ ቃል መጀመሪያ ከታየበት ምዕራፍ ጋር ይመዝግቡት።

ማሽኑን አንቱ ነው አንቺ?

በአማርኛ የመንኮራኩሩ ኮምፒውተር ‹‹መለሰ››፣ ‹‹መለሰች›› ወይም ‹‹መለሱ›› መባል አለበት፤ ግሡ ማምለጫ አይሰጥም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳይጽፉ ይወስኑ፤ ውሳኔውንም ታሪክ ያድርጉት። በእኔ ተከታታይ ሁሉም ሠራተኛ ኮምፒውተሯን አንቺ ይላታል፤ አንቱ የሚሏት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ብቻ ናቸው፤ ምክንያቱንም አይናገሩም። በሁለተኛው ቅጽ አጋማሽ አንድ ወጣት ሳያስበው ‹‹እርስዎ›› ሲላት አንባቢው ያለ ማብራሪያ ነገሩ ይገባዋል። የሰዎቹንም እንዲሁ ያስቡበት፦ የ28 ዓመት አዛዥ የ60 ዓመት መካኒክን ‹‹አንተ›› ብሎ ያዛል ወይስ ‹‹እባክዎ ጋሼ›› ይላል? ሥልጣንና ዕድሜ የሚጋጩበት ቦታ ሁሉ ለጸሐፊ ሀብት ነው።

ሁለተኛውን ሳይጽፉ አንደኛውን አያሳትሙ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስዱ ከሆነ ይህን ይውሰዱ። በመጀመሪያው መጽሐፌ የሰፈሩ ውኃ ለ40 ቀን እንደሚበቃ አንድ ገጸ ባሕሪ በልበ ሙሉነት ይናገራል። ሁለተኛውን ስጽፍ ሰዎቹ 70 ቀን መታገት ነበረባቸው። 1,000 ቅጂ ወጥቷል፤ ቃሉ አይመለስም። አንድ ሙሉ ምዕራፍ የተሰረቀ ውኃ ፍለጋ አባከንኩ፤ ስለታሰበበት የገባ እንዳልሆነም አንባቢዎቼ ለይተውታል። አሁን የሁለተኛው ቅጽ ረቂቅ እስከ መጨረሻው ገጽ ሳይጻፍ አንደኛውን ለማተሚያ ቤት አልሰጥም።

እያንዳንዱ ቅጽ የራሱን ጥያቄ ይመልስ፤ ለቀጣዩ አንድ ክር ብቻ ይተው። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛን ሰው ገደል አፋፍ ላይ ጥሎ መሄድ አይገባም።

አንባቢ፣ አርታኢ፣ ፊደል

ረቂቁን ለሦስት ሰው ያስነብቡ። አንዱ ፊዚክስ የሚያውቅ ይሁን፤ 4 ኪሎ የተፈጥሮ ሳይንስ ግቢ አጠገብ የሚኖር ጸሐፊ ለዚህ ሰው አያጣም። ሁለተኛው ሳይንስ የማይወድ ይሁን፤ የሰለቸበትን ገጽ ብቻ ምልክት ያድርግ። ሦስተኛው አማርኛን የጠገበ ትልቅ ሰው ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ጮኽ ብለው ለራስዎ ያንብቡት። እኛ ‹‹ከመጻሕፍት ዓለም››ን በሬዲዮ እየሰማን ያደግን ሕዝብ ነን፤ የታመመ ዓረፍተ ነገር ከዓይናችን ይልቅ ለጆሯችን ይቀርባል። ከዚህ በኋላ ለአርታኢ ይክፈሉ። አርታኢ ማለት የፊደል ግድፈት የሚያርም ብቻ አይደለም፤ ‹‹ይህ ምዕራፍ ይውጣ›› ለማለት ድፍረት ያለው ሰው ነው።

ፊደሉን በተመለከተ ሁለት ነገር። ‹‹ሕዋ›› ወይስ ‹‹ህዋ››? ‹‹ፀሐይ›› ወይስ ‹‹ጸሀይ››? አንዱን መርጠው በቃላት ደብተሩ ላይ ያጽኑት። ኮምፒውተር ሁለቱን እንደ ተለያዩ ቃላት ስለሚያያቸው፣ ከሦስት ቅጽ ውስጥ አንድ ስም ሲፈልጉ ግማሹ ይደበቅብዎታል። ሌላው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት በሚያውቁበት ሥርዓት፣ ይጻፉ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ ሆኖም በአሮጌዎቹ ፎንቶች የሚሠሩ ገጽ አቀናባሪዎች አሁንም አሉ። አንድ ማተሚያ ቤት የእኔን ጽሑፍ ወደ አሮጌ ፎንት ገልብጦ ሲያመጣው ‹‹ጓ›› እና ‹‹ቋ›› በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነው ነበር። ‹‹ጓደኛዬ›› የሚለው ቃል ሳጥን ቀድሞት ‹‹ደኛዬ›› ሆኖ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። 288 ገጹን በብርቱካናማ እርሳስ እያንዳንዱን ሳጥን እየከበብኩ አራት ሌሊት ጨረስኩ። የመጨረሻውን ናሙና በወረቀት ላይ ሳያነቡ አይፈርሙ።

ቁጥርና መብት

የመጻሕፍት መለያ ቁጥር (ISBN) የሚሰጠው ብዙዎቻችን ወመዘክር የምንለው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው። ቁጥሩ 13 አሃዝ አለው፤ በአገራችን መጻሕፍት ላይ 978-99944 ብሎ ሲጀምር አይተውት ይሆናል። እያንዳንዱ ቅጽ የራሱ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ የሽፋኑ ንድፍ ሳያልቅ ይጠይቁ። መጽሐፉ ሲታተምም ለቤተ መጻሕፍቱ ቅጂ ማስገባትን አይርሱ።

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት ሥራው ሲፈጠር የሚገኝ ነው፤ ኢኮኖሚያዊ መብቱም ጸሐፊው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግን ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆናል። ለትረካ ወይም ለፊልም ውል ሲፈርሙ ‹‹ተከታታዩ›› የሚል ቃል ካዩ ብዕርዎን ያስቀምጡ፤ ‹‹ቅጽ አንድ›› ይባል። ገና ያልጻፉትን መጽሐፍ አብረው እንዳይሸጡ።

ማተሚያ ቤት

4 ኪሎ ያለው ብርሃንና ሰላም ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያትም ኖሯል፤ ከተማው ውስጥ የግል ማተሚያ ቤቶችም ብዙ ናቸው። ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ያሰባስቡ፤ ለ500፣ ለ1,000 እና ለ2,000 ቅጂ ለየብቻ ያስጽፉ። በኦፍሴት ኅትመት የፕሌቱ፣ ማለትም ገጹ ተቀርጾ የሚታተምበት ሰሌዳ፣ ወጪ ቅጂው ቢበዛም ቢያንስም ያው ስለሆነ የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ ብዛቱ ሲጨምር ይወርዳል። ይህ ግን ወጥመድም ነው፦ ያልታወቀ ጸሐፊ ለርካሽነቱ ብሎ 3,000 ቢያሳትም፣ መኝታ ቤቱ በካርቶን ሲሞላ የሁለተኛው ቅጽ ገንዘብ እዚያ ታስሮ ይቀራል። በ1,000 ይጀምሩ።

የገጹ ብዛት በ16 የሚካፈል ይሁን፤ ትልቁ ወረቀት ብዙውን ጊዜ 16 ገጽ ሆኖ ስለሚታጠፍ የተረፈው ባዶ ሆኖ ይወጣል። ቀብድ ሲከፍሉ የወረቀቱ ግራም፣ የሽፋኑ ዓይነትና የማስረከቢያው ቀን በውሉ ላይ ይስፈሩ። የተከታታይ ጸሐፊ ደግሞ ጀርባውን፣ ማለትም መደርደሪያ ላይ የሚታየውን ጠባብ ጎን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያስብ። የቅጽ ቁጥሩ፣ የርዕሱ ፊደልና ቦታው በሁሉም ቅጾች ላይ አንድ ይሁን። ሦስቱን ጎን ለጎን የሚያቆም አንባቢ መስመሩ ሲዛነፍ ያዝናል፤ ትክክል ነው።

መሸጥ

ምረቃ ያምራል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ የተወሰነ ቅጂም ይሸጣል። መጽሐፉን የሚያኖሩት ግን መደብሮቹና አዟሪዎቹ ናቸው። እኔ በብሔራዊ ቲያትርና በለገሀር አካባቢ ላሉ አዟሪዎች በመጀመሪያ አሥር አሥር ቅጂ ነው የምሰጠው። በትንሽ ደብተር ቀኑን፣ ብዛቱንና የተስማማንበትን ዋጋ ጽፈን ሁለታችንም እንፈርማለን፤ በየሁለት ሳምንቱ ተመልሼ እሄዳለሁ። ሂሳቡ በቴሌብር ያልቃል፤ ወሬው ግን በስልክ አይገኝም። አንድ አዟሪ ‹‹ሽፋኑ ላይ ሮኬት ስላለ የልጆች መጽሐፍ ይመስላቸዋል›› ያለኝ እዚያው ቆመን ነው። በሁለተኛው ኅትመት ሮኬቱን አውጥቼ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ጀበና አደረግሁበት፤ ሰዎች አንሥተው መግለጥ ጀመሩ።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ በቴሌግራም በነጻ ይልቀቁ። መጽሐፉን በሙሉ በስካነር አንሥተው የሚያሰራጩ እንደሚኖሩ ይወቁ፤ ያማል፣ ስርቆትም ነው፤ በተገኘበት ሁሉ ይቃወሙ። እስካሁን ከሁሉ የጠቀመኝ በየመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ለአንባቢው የምጽፈው አጭር ደብዳቤ ነው፤ ቀጣዩ ቅጽ የት እንደ ደረሰ እነግረዋለሁ። ወሩን የምጠቅሰው ረቂቁ አርታኢው ዘንድ ከደረሰ ብቻ ነው።

ቅጽ ሁለት ሲወጣ ቅጽ አንድ አብሮት መኖር አለበት። ስለዚህ የሁለተኛውን ፕሮፎርማ ሲያሰባስቡ ለአንደኛው 300 ቅጂ ድጋሚ ኅትመትም ያስጽፉ፤ አንባቢዎች የጠቆሙዎትን ግድፈቶች ሁሉ ያርሙ። የእኔ የ40 ቀን ውኃ በሦስተኛው ኅትመት፣ ገጽ 61 ላይ፣ ‹‹ከቆጠብን›› የምትል አንዲት ቃል ተጨምራለታለች።