ለውሻ የሚሰጥ አጥንትና ሌላ የሚታኘክ ነገር አመራረጥ

በለገጣፎ፣ በሱሉልታም ሆነ በሰበታ በኩል ግቢ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውሻ ያሳድጋል፤ ውሻው የሚያኝከው ነገር ሲያስፈልገውም ቀድሞ የሚታሰበው ከማዕድ የተረፈ አጥንት ነው። ይሁንና ሁሉን ነገር ትተን አንድ ነገር ብቻ እንከልክል ብንል መከልከል የሚገባው ይኸው ከወጥ የወጣ አጥንት ነው። አጥንት ሲበስል ተሰባሪ ስለሚሆን በጥርስ ሲደቅ በሾሉ ስንጥሮች ይከፈላል፤ ስንጥሩም ጉሮሮን ወይም አንጀትን ሊበሳ ይችላል። የዶሮ አጥንት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። በላዩ ላይ የቀረው ቁሌት እንኳ ምንም ጉዳት የለውም አይባልም፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳልና።

ጥሬ አጥንትም ቢሆን ተመርጦ ነው የሚሰጠው። አዋቂ ውሻ 42 ጥርሶች አሉት፤ በጠንካራ አጥንት ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው በላይኛው መንጋጋ ግራና ቀኝ ያለው ትልቁ ሥጋ ቆራጭ ጥርስ ነው። መመዘኛው ቀላል ነው፦ በአውራ ጣት ጥፍር ተጭነውት ምንም ምልክት የማይቀበል ነገር ለውሻ ጥርስ ይጠነክራል። በዚህ መመዘኛ ቅልጥም፣ ቀንድና ሰኮና ሁሉም ይወድቃሉ።

ቅልጥም በመጋዝ ቀለበት ሆኖ ሲቆረጥ ሌላም ጣጣ አለው። አንድ ዓመት በፋሲካ ማግስት የእኛው ውሻ በሩ ሥር ሆኖ ለሃጩን እያዝረበረበ አፉን ከመሬት ጋር ሲያሽ አገኘሁት። መቅኒውን ሲልስ ቀለበቱ በታችኛው መንጋጋው ላይ ገብቶ ከክራንቻዎቹ ኋላ ተቀርቅሮ ነበር፤ ሐኪሙ በማደንዘዣ አስተኝቶ በመጋዝ ቆርጦ አወጣለት።

በቅርጫና በበዓል እርድ ጊዜ ደግሞ ከአጥንቱ ይልቅ ሳንባውና ጉበቱ ያሳስበኛል። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ጥሬ ሳንባ ወይም ጉበት የበላ ውሻ በአንጀቱ ውስጥ ትንሽ የኮሶ ዓይነት ትል ያፈራል። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ባልታጠበ እጅ ወይም በጎመን በኩል ወደ ሰው ሲገባ፣ ያው ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል። ስለዚህ ከረጢት የታየበት አካል ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ጤነኛ የሚመስለውም በትንንሹ ተቆርጦ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይፈላ ለውሻ አይሰጥ። ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት አሰጣጥም የእንስሳት ሐኪም ይወስን።

ከቆዳ ፋብሪካ አካባቢ የተለቀመ ቁራጭ ኬሚካል የነካው ስለሆነ ፈጽሞ አይሰጥ። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው የቆዳ ማኘኪያም ቢሆን ርሶ ሲለሰልስ በትልቁ ተውጦ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። የውሻ ጎማ መጫወቻ የተሻለ ነው፤ መጠኑም ሙሉ በሙሉ አፉ ውስጥ የማይገባ ይሁን። የመኪና ጎማ ቁራጭ ግን ሽቦ አለበት። የሚሰጠው ምንም ይሁን ምን ሰው ባለበት ይሁን፤ ለመዋጥ እስኪያመች ሲያንስም ይወሰድ።

ውሻው ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ሆዱ ከተወጠረ ወይም እያማጠ መጸዳዳት ካቃተው በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይድረስ። የሾለ አጥንት ሲመለስ ዳግም ስለሚቧጥጥ እንዲያስመልስ አይገደድ። የበላው አጥንት ትራፊ ካለም በፌስታል ተይዞ ለሐኪሙ ይታይ።