የድሮ መርሴዲስ ኤሲ አልቀዘቅዝ ሲል

መርሴዲስ ደብልዩ 123 ምርቱ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1985 ገደማ ነው፤ ኤሲውም የተሠራው ለአር-12 ጋዝ ነው። ያ ጋዝ ኦዞንን ስለሚጎዳ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። አብዛኛው ሰው ወደ አር-134ኤ ይቀይረዋል።

ኤሲው እየነፋ ካልቀዘቀዘ ጋዝ ለመሙላት አትቸኩሉ። ጋዝ ዝም ብሎ አያልቅም፣ የሆነ ቦታ ያፈሳል። የእጅ ባትሪ አብሩና የቱቦ መጋጠሚያዎቹን፣ ከዚያም ኮምፕሬሰሩን (ጋዙን የሚጨምቀውን ፓምፕ) ከክላቹ፣ ማለትም በቀበቶ ከሚዞረው ፊቱ በኩል እዩ፤ ዘይት የጠጣ ጥቁር አቧራ የተለጠፈበት ቦታ ካገኛችሁ ሌባው እሱ ነው።

የቀረውን ጋዝ በማሽን አስወጡ፣ አየር ላይ እንዳትለቁት፣ ዓይንም ያጠፋል። ኦሪንጎቹን (መጋጠሚያዎቹ ውስጥ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች) በሙሉ ቀይሩ። መካኒኩ «ይሄ ገና ነው» ቢላችሁም ድራየሩን (እርጥበት የሚመጠውን ማጣሪያ) አዲስ አድርጉ፣ ሲስተሙ አንዴ ከተከፈተ እርጥበት ይጠጣል። የድሮው ሚኒራል ዘይት ከአር-134ኤ ጋር ስለማይዋሃድ ታጥቦ ይውጣ፣ ኤስተር ዘይት ይግባ።

አየሩንና እርጥበቱን የሚስበው ቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይሥራ። ካጠፋችሁት በኋላ የግፊት መለኪያው ጌጅ ከተነሳ ገና ያፈሳል ማለት ነው። ጋዙን ከድሮው መጠን 80 በመቶ ገደማ ሙሉ፤ «ትንሽ ይጨመርበት» የሚባለው ነገር ኮምፕሬሰር ይበላል። እውነቱን ለመናገር እንደ ድሮው ጋዝ አያቀዘቅዝም፣ በተለይ መንገድ ሲዘጋጋ፤ ስለዚህ ኮንደንሰሩ (የጋዙን ሙቀት የሚያስወጣው ራዲያተር መሰል ክፍል) ፊት ያለው ፋን መሥራቱን አረጋግጡ።