ዳኛንና ሹምን በካሪካቸር እንዴት እንሳል?

"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ሲባል በኖረበት አገር፣ እርሳስ ይዞ ሹምን መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ካሪካቸሩን፣ ማለትም አጋንኖ የሚተቸውን ሥዕል፣ በወጉ እንሥራው። ሰውዬው ሲወለድ ይዞት የመጣው አፍንጫ ማንንም አይመለከትም። ወንበር ላይ ከወጣ በኋላ ያመጣው ጠባይ ግን የሁላችንም ጉዳይ ነው። የምናጋንነው ጠባዩን ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ኤ4 ወረቀት፣ አንድ ጠንካራና አንድ ለስላሳ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ጥቁር እስክሪብቶ ይበቃል።

መጀመሪያ ጆሮ ስጡ። ባሕር ዳር ውስጥ መሥሪያ ቤት ደጃፍ፣ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ባለጉዳዮች አይጠፉም። ሰነዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘዋል። "ተለዋጭ ቀጠሮ ሰጡን"፣ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ "ሲስተም የለም" ሲሉ ትሰማላችሁ። ከነዚህ አንዷን ብቻ ምረጡ። ሁለት ሐሳብ አንድ ሥዕል ላይ ከገባ ሁለቱም ይሞታሉ።

ቀጥሎ ቃሏን ወደሚታይ ነገር ለውጡ። "ተለዋጭ ቀጠሮ"ን እንያዝ። ባለጉዳዩ ችሎት ፊት ቆሟል፤ ጺሙ መሬት ነክቷል። አጠገቡ ያለው ልጁ መዝገቡን ተረክቦ ተራ ይጠብቃል። ዳኛው አሁንም የቀን መቁጠሪያ ይገልጣል። በቃ፣ ሥዕሉ ተገኘ።

አሁን ንድፉን በስሱ ጣሉ። ወንበሩን ከዳኛው ሁለት እጥፍ አግዝፉት፤ የዳኛው እግር መሬት አይድረስ። ካባው ትከሻው ላይ ይከመር፣ አንገቱን ይዋጥ። ዓይኑ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሽፋሽፍቱን የብሌኑን ግማሽ በሚቆርጥ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብትዘጉት፣ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው የማያይ ዳኛ ወዲያው ይወጣል። ብዙ መስመር መጨመር ይህንን ያበላሸዋል።

እዚሁ ጣና ላይ ትልቅ ትምህርት ቤት አለን። በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሩና የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ እዩ። በቆየው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይን ይሳላል። ክፉው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ውሰዱት። ባለጉዳዩን በሁለት ዓይን፣ ዳኛውን በጎን ሳሉት። የኛ ሰው ያለ ጽሑፍ ያነበዋል።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኦኖሬ ዶሚዬ ንጉሡን ገንዘብ የሚውጥ ግዙፍ ሰው አድርጎ በመሳሉ እ.ኤ.አ. በ1832 ታስሯል። በ1835 የፖለቲካ ካሪካቸር በሕግ ሲታገድ ፊቱን ወደ ኅብረተሰቡ መለሰ፤ በ1840ዎቹም ጠበቆችንና ዳኞችን በተከታታይ ሳለ። ችሎት ላይ የሚያንቀላፋው ዳኛ ዛሬም የሚሠራው፣ ዶሚዬ የሳለው አንድን ሰው ሳይሆን እንቅልፉን ስለሆነ ነው።

ሹም መሳል ከፈለጋችሁ የጣናው አረም እምቦጭ አለላችሁ። ሹማምንቱ ስለ አረሙ ስብሰባ ተቀምጠዋል፤ አረሙ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ካለው የውኃ ፕላስቲክ አጠገብ አብቧል።

ሕጉንም እወቁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መግለጥን በስም ጠቅሶ ይጠብቃል፤ የሰው ክብርና መልካም ስም የሚጠበቅበትን ገደብም ያስቀምጣል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 449 ደግሞ ሥራው ላይ ባለ ችሎት መሳለቅን ያስቀጣል። ስለዚህ ችሎት ውስጥ ተቀምጣችሁ አትሳሉ። ማስረጃ ሳትይዙ እከሌ ጉቦ በላ አትበሉ። ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚጠቁም ምልክት ፈጽሞ አታስገቡ፤ ይሄ ላይ ድርድር የለኝም። ጥፋቱ የወንበሩ ሆኖ ሳለ ሕዝብ ይሰደብበታል።

እስክሪብቶውን የመጨረሻ አድርጉት። ቀለሙ ሲደርቅ የእርሳሱን መስመር በላጲስ አጥፉ። ጽሑፍ ካስፈለገ ከአምስት ቃል አይብለጥ። "ሲሾም ያልበላ..." ብላችሁ ተዉት፤ አንባቢው ራሱ ይጨርሰዋል።

ቴሌግራም ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ለአንድ ባለጉዳይ አሳዩት፣ ምንም ሳታስረዱ። "ይሄ ማን ነው?" ብሎ ከጠየቀ መልኩ በዝቷል ማለት ነው። ፊቱን አቅልሉ፣ ወንበሩን አጉሉና እንደገና ሳሉት።