ጉንፋን ሲይዛችሁ አሞክሳሲሊን ከመዋጣችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት ጣና ዳር ዓሣ የሚሸጡ አንዲት እናት እኔ የምሠራበት ፋርማሲ መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አራት ቀይና ቢጫ እንክብል ባንኮኒው ላይ ዘረገፉ። «ልጄ ጥርሱን ሲያመው ከታዘዘለት የተረፈ ነው። ለሳሌ ልዋጠው ወይስ ትጨምርልኛለህ?» አሉኝ። «እማማ፣ ሳሉ ስንት ቀን ሆነው?» ስላቸው፣ «ኧረ ወሩን ሊደፍን ነው ልጄ!»

አንደኛው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ስንት ቀን ሆነው? አፍንጫ የሚያፈስስ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ጉንፋን ከቫይረስ ነው የሚመጣው። አሞክሳሲሊንን የመሰለ አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚገድለው ባክቴሪያ ነው። ብትውጡትም ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ነው የሚለቃችሁ፤ ትርፉ ተቅማጥና ሽፍታ ሊሆን ይችላል፣ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን ለምደውት የእውነት ስትታመሙ አለመበገራቸው ነው። ጉንፋን ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይሻላል። ሳሉ ግን እስከ 3 ሳምንት ሊጎተት ይችላል። እንደዚያም ሆኖ እኛ አገር 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ለሳንባ ነቀርሳ አክታውን መመርመር አለበት። እኚያን እናትም እንክብሉን መልሼ ወደ ጤና ጣቢያ ነው የላክኋቸው።

«አክታዬ ቢጫ ሆኗል» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ቀለሙ ብቻውን ባክቴሪያ ነው አያሰኝም፤ ሰውነት ከቫይረስ ጋር ሲታገልም አክታ ቢጫና አረንጓዴ ይሆናል።

ጉሮሮ ላይ ግን አትዘናጉ። መስታወት ፊት ቁሙና አፋችሁን ከፍታችሁ በስልክ መብራት እዩት። ትኩሳት ካለ፣ ቶንሲሉ አብጦ ነጭ መግል ከያዘ፣ አንገት ላይ ያለው እጢ ሲነካ ካመመ፣ ሳል ደግሞ ከሌለ፣ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ታዩት። ይሄ ዓይነቱ ቶንሲል በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ ካልታከመ የልብ በር ሊያበላሽ ይችላል፣ እኛ አገር በዚህ የተጎዳ ሰው ጥቂት አይደለም። 10 ቀን ከታዘዘላችሁ በ3ኛው ቀን ቢሻላችሁም 10 ቀን ዋጡ።

ሳይነስ ከሆነ ምንም ሳይሻለው 10 ቀን ካለፈ፣ ወይም ተሽሎ ከተመለሰ ሐኪም ይየው።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ በተለይ ወባ ካለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ፎገራ ወይም ደንቢያ፣ ደርሳችሁ ከመጣችሁ፣ የወባ ምርመራ ይቅደም። ትንፋሽ ካጠረ፣ ስትተነፍሱ ደረታችሁን ከወጋችሁ፣ አክታው ደም ካለው ወይም ሰውየው ከተምታታበት፣ ነገ አትበሉ፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፣ በዚያው ቀን ሂዱ።

እስከዚያው ለተራ ጉንፋን ዝንጅብል በማር፣ ጉሮሮን ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ፣ እረፍት። ለራስ ምታቱ ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራሙን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። ጉበት ያመመው ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ግን ከዚህ ያነሰ ስለሚበቃው መጀመሪያ ይጠይቅ። የጉንፋን መድኃኒት ደርባችሁ ከወሰዳችሁ ውስጡ ፓራሲታሞል ሊኖር ስለሚችል ጠይቁ።

ሐኪም ጋ ስትገቡ ደግሞ ቤት የጀመራችሁት እንክብል ካለ አትደብቁ። ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ስንት ፍሬ እንደዋጣችሁ ተናገሩ፤ ፔኒሲሊን (አሞክሳሲሊንም ከዚሁ ወገን ነው) አሳብጧችሁ ወይም አሳክኳችሁ የሚያውቅ ከሆነም ሳትጠየቁ ንገሩ።